ደንገጎ ላይ ያልፈላው መኪና

እኔ ጅኒ፣ ዛር ምናምን ሲባል ከት ብዬ የምስቅ ሰው ነበርኩ። ከድሬዳዋ ወጣ ብሎ ሐርላ ያለው የጥንት ፍርስራሽ ውስጥ ጅኒ አለ እያለ የሚያወራኝን ሁሉ "ታዲያ ከተማ፣ መጋላ ገበያው ጋ ወርዶ ቤት አይከራይም እንዴ?" እያልኩ ነበር የማበሽቀው፣ ሚስቴ ጽጌማ "አፍህን ሰብስብ!" እያለች ስንቴ ተቆጥታኛለች። ይህን የምነግርህም እመነኝ ብዬ ልለማመጥህ አይደለም፣ ካላመንከኝ እሰየው፣ እኔም ባላምን ደስ ይለኝ ነበር።

መኪና የፈለግኩት ለኩራት እንዳይመስልህ፣ የባቡር ጣቢያ መጋዘን ጸሐፊ ምን ኩራት አለው? የመጀመሪያ ልጃችን የሞተው መንገድ ላይ ነው። ጽጌን ምጥ ይዟት መኪና ያለውን ሁሉ ብለምን አንዱ ቤንዚን የለኝም፣ አንዱ ጎማዬ ተንፍሷል ሲለኝ በመጨረሻ በጋሪ ጫንናት፣ ሐኪም ቤት ስንደርስ ልጁ የለም። ሁለተኛውን ስታረግዝ ማልኩ። ቢያረጅም፣ ቀለሙ ቢላላጥም፣ ብቻ በፈለግኩት ሰዓት የሚነሳ መኪና በራፌ ላይ ይቆማል አልኩ።

ዑመር የሚባል የጭነት መኪና ሹፌር ጓደኛ አለኝ፣ በመኪና ነገር ከእሱ ሌላ ማንንም አልሰማም። ከዚራ ሰፈር አንዲት ባሏ የሞተባት ግሪክ ማዳም ወደ አገሯ ልትገባ ስለሆነ መኪናዋን በርካሽ ትሸጣለች ሲሉኝ እሱን ይዤ ሄድኩ። ዑመር ኮፈኑን ከፈተ፣ ዘይቱን በጣቱ አሻሸ፣ ከሥር ተንፏቅቆ ገባ፣ አቧራውን እያራገፈ ወጣና "ወላሂ ሞተሩ አዲስ ነው፣ ግን እንዴት እንዲህ ረከሰ?" ብሎ በጆሮዬ ሹክ አለኝ። ማዳም ሰምታለች።

"እኔ አልፈልግ። ከግቢ ይውጣ ብቻ" አለች።

ድሬዳዋ ውስጥ አሮጌ መኪና የሚገዛ ሰው ደንገጎን ሳያወጣው አይገዛም። ያንን ዳገት ራዲያተሩ ሳይፈላ ከወጣ ትገዛለህ፣ መንገድ ላይ ቆሞ ካጨሰ ለባለቤቱ ትመልሳለህ፣ አለቀ። እኛም የቀትሩ ሙቀት በረድ ሲል ተነሳን፣ ዑመር ይነዳል፣ እኔ ከጎኑ ነኝ፣ የኋላው ወንበር ባዶ ነው።

ምን ልበልህ፣ ዳገቱን እንደ ፍየል ነው የወጣው። ዑመር "ያ ረቢ፣ ይሄማ ስጦታ ነው!" እያለ መሪውን ይመታል፣ እኔ በልቤ ጽጌን ሐኪም ቤት አድርሻታለሁ። ድንገት አንድ ጠምዛዛ ጋ ስንደርስ ጣሪያው ተንኳኳ። በጭነት መኪና ተሳፍረህ ከሆነ ታውቀዋለህ፣ ከላይ የተጫነው ሰው መውረድ ሲፈልግ የጋቢናውን ጣሪያ ይመታል፣ ሹፌሩም ሳያስበው ይቆማል። የዑመርም እግር ለምዶበት ፍሬን ረገጠና "ውረድ፣ ቶሎ በል!" ብሎ ጮኸ። ይሄንንስ የልማድ ነገር ነው በል። ግን በሩ ሳይከፈት የኋላው ባሌስትራ፣ ያ ከሥር ክብደቱን የሚሸከመው ብረት፣ ሲጢጥ አለና መኪናው ከኋላው ከፍ አለ፣ ሰው የወረደለት ያህል።

"ወሪያ! አንተ ነህ የመታኸው?" አለኝ ዑመር።

"እጄን እያየኸው እንዴት ነው የምመታው?"

ወርደን ዞርነው። ከላዩ ዛፍ የለ፣ ቅርንጫፍ የለ፣ ዝንጀሮ እንኳ የለ። "ብረቱ ግሎ ነው" አልኩ እኔ አዋቂው።

ደንገጎ ወጣን፣ ራዲያተሩ አልፈላም። ዑመር ጫቱን ገዝቶ፣ ፀሐይ ስትጠልቅ ቁልቁል ተመለስን፣ ያው ጠምዛዛ ጋ ስንደርስ ማንም ሳይነካው ሞተሩ ጠፋ። ዑመር ቁልፉን ያዞራል፣ እምቢ፣ ያዞራል፣ እምቢ። "በቃ ፍሬኑን ልቀቀው፣ ቁልቁለት አይደል?" ስለው "ለቅቄዋለሁ እኮ!" አለኝ፣ ፊቱ አመድ መስሏል። መኪናው ቁልቁለቱ ላይ ተገትሮ ቀረ። ያኔ ከውጭ ኮቴ ሰማሁ፣ ጠጠሩን እየረገጠ ቀስ እያለ መጣና የኋላው በር ጋ ቆመ። ባሌስትራው ሲጢጥ አለ፣ መኪናው ከኋላው ዝቅ አለ፣ ሞተሩም ቁልፉን ሳንነካው ተነሳ። ጅኒ ላይ የምስቀው እኔ አማተብኩ። ዑመር ቁርአን እየቀራ፣ እኔ ማጅራቴ ላይ ቀዝቃዛ ትንፋሽ እየተሰማኝ፣ ከተማ እስክንገባ አንዳችንም ወደ ኋላ አልዞርንም።

ማዳም በሩን ከፍታ መጀመሪያ ያየችው እኛን አይደለም፣ የኋላውን ወንበር ነው። አየችና ዓይኗን መለሰች።

"ተወው አቦ፣ ሌላ እንፈልጋለን" አለኝ ዑመር።

"መቼ? ጽጌ ወሯ ገብቷል እኮ!" አልኩት። ፈርቻለሁ፣ አልዋሽህም፣ ግን ጋሪውን ደግሞ የበለጠ ፈራሁት። ገዛሁት።

ምጡ የመጣው በጠራራ ፀሐይ ነው፣ ጎረቤቱ ሁሉ ገበያ ወጥቷል። ጽጌን ብቻዋን ከኋላ አስተኝቼ ቁልፉን ሳዞረው ወዲያው ተነሳ። መጀመሪያ ትጮህ ነበር፣ መሐል መንገድ ላይ ዝም አለች፣ አጠገቧ ሆኖ አይዞሽ የሚላት ሰው ያገኘች ይመስል። ዞሬ ለማየት ወኔ አጣሁ። ሴት ልጅ ወለደች፣ ሁለቱም ደህና ናቸው፣ ተመስገን። የዚያን ቀኑን ነገር ግን ጽጌን ጠይቄያት አላውቅም፣ እሷም አላነሳችልኝም።

ልጄ አሁን አፏን ፈትታለች፣ የምታወራው ሲያስቀኝ ነው የሚውለው። ከኋላ ብቻዋን ስትቀመጥ ግን ሁልጊዜ ጥጉ ላይ ልጥፍ ነው የምትለው። አንድ ቀን "ነይ እንጂ መሐል፣ ምን አጣበቀሽ?" ብላት፣ "እሷስ የት ትቀመጥ?" አለችኝ።

ዑመር "ሽጠው፣ ዛሬውኑ ሽጠው" ይለኛል። ገዢማ ሞልቷል፣ እንዲህ የማይበላሽ መኪና ከየት ይገኛል? በቀደም አንዱ በራፌ ድረስ መጥቶ ነበር፣ ቁልፉን እንደያዝኩ ቆሜ ቆሜ መለስኩት። ብሸጠው ከመኪናው ጋር ትሄዳለች ወይስ ከልጄ ጋር እዚሁ ትቀራለች፣ እሱን የሚነግረኝ ሰው አጣሁ።