«በቃ» ባዩ ዘበኛ

ፀሐይ በቀትር ጠቆረች። በዚያው ቅጽበት የጎልማር ንጉሥ ዛርሞን ጉርሻውን ከከንፈሩ መልሶ «አላሰኘኝም» አለ። በጎልማር ደግሞ ሕግ ነበረ፦ ንጉሥ ሳይውጥ ማንም አይውጥም።

አንድ ቀን አለፈ፤ አምስት ሆነ። ድኃው ሕጉን አከበረ፤ ሕፃናት ማልቀስ እንኳ አቃታቸው። የቤተ መንግሥት ጠቢባን ግን ጢማቸው በቅቤ እየወዛ «እኛም ጾመናል» ይሉ ነበር። የጋሻ ሠሪው ልጅ ሐርጎይ ይህን አይታ ልትተፋባቸው ቃጣት፤ ምራቅም ይበዛባቸዋል ብላ ዋጠችው።

ጠቢባኑ ረሃብን ሆድ ውስጥ ይፈልጉት ያዙ። የንጉሡን ሆድ ማር ቀቡት፤ ቅኔ ተዘረፈለት። ሊቀ ጠቢባን ድምናስ ጆሮውን የንጉሡ እምብርት ላይ ለጥፎ «ተቀይሟል፤ ካባ ይሸለም» አለ። ሆዱ ካባ ተሸለመ። ንጉሡ ግን አልበላም።

«ጌቶቼ፣ የምታንኳኩት ጓሮውን ነው» አሉ ዓይነ ሥውሩ መድኃኒተኛ አባ ሙርጋ። «ረሃብ ዙፋኑ ጭንቅላት ውስጥ ነው። እዚያ ስንጠግብ ‹በቃ› የሚል ዘበኛ አለ፤ የንጉሡ ዘበኛ ሳይበላም ‹በቃ› ይላል። የአዝዶር ተራራ እምሻ ቅጠል ጭስ ያንኑ ዘበኛ ያዞረዋል፤ ‹በቃ› ሲል የኖረ አፍ ‹ጨምር› ይላል። ሰውነታችን ራሱ ጥቂት ጥቂት የሚያፈልቀው፣ ይህንኑ የሚያደርግ ጠል አለ፤ ቅጠሉ የእሱ አምሳያ ነው። ፈጣሪ ለምን እንዲህ እንዳደረገው እሱ ያውቃል።»

ሐርጎይ ቅጠሉን ልታመጣ ተነሥታ የሽማግሌውን በትር ጫፍ ያዘች። ድምናስ ሳቀ። «አንቺ ልጅ፣ ዕውር እየመራሽ ገደል ልትገቢ ነው?»

«እርስዎ እያዩ የት አደረሱን ጌታዬ?» አለች ሐርጎይ። «ሰማይና ምድር ይስሙኝ! እምሻን ሳልይዝ ጎልማርን ብረግጥ እግሬ ይሰበር!»

የአባ ሙርጋን በትር እየመራች አዝዶር ደረሰች። ቅጠሉን የሚጠብቀው ዘንዶ ግራሙት ዕድሜውን ከተራራው እሳት በሚነሣው የእምሻ ጭስ ውስጥ ኖሮ ጥጋብ የሚባል ነገር አያውቅም፤ ከጠቢባኑ የሚለየው ጢም ስለሌለው ብቻ ነበር። ሐርጎይ ሰይፏን አልመዘዘችም። ከገደሉ አናት ድንጋይ አንከባለለችለት፤ ዋጠ። ሌላ ጨመረችለት፤ ዋጠ። ከብዶት ንቅንቅ ማለት እስኪሳነው ድረስ «በቃኝ» አላለም። በጀርባው ተራምዳ አለፈች።

እምሻ ግን ፍሙ ከጠፋ ኃይሉ ይሞታል፤ በተራራው እሳት ተለኩሶ፣ ሰባት ቀን በትንፋሽ እየተራገበ መምጣት አለበት።

«እኔ ልሸከመው» አሉ አባ ሙርጋ። «ጭሱን ሰባት ቀን የሳበ ሰው ዘበኛው አይመለስለትም። እኔ ሽማግሌ ነኝ።» አንዴ እፍ ቢሉ ሳል አጣደፋቸው፤ ፍሙም ሊጠፋ ሆነ።

ሐርጎይ ፍሙን የያዘውን ገል ከእጃቸው ወሰደች።

«ልጄ፣ እስክትሞቺ መጥገብ አታውቂም!»

«ሕፃናቱ ይወቁልኝ አባቴ» አለችና እፍ አለች።

በስምንተኛው ቀን ጭሱ ንጉሡን አወደው። ዛርሞን ዓይኑን ገልጦ «የሚበላ ምን አለ?» ብሎ ጠየቀ፤ አንድ ጉርሻ ዋጠ። ነጋሪት ተጎሰመ፤ ጎልማር በላች።

ካባ የተሸለመው ድምናስ ነው። እሱም ሐርጎይን አምስተኛ ሳህን ላይ አግኝቷት «ሆዳም!» አላት፣ የግብሩ ታዳሚ ሁሉ እየሰማ። ቀና ብላ እንኳ አላየችውም።

ከዚያን ዕለት ወዲህ ሐርጎይ ብቻዋን ማዕድ አትቀርብም። ከጎረቤት ጋር ትቀመጣለች፤ አብሯት የሚበላው ሰው «በቃኝ» ብሎ እጁን ሲታጠብ ታያለች፤ ያኔ፣ ረሃቧ እንደ አንበሳ እያገሳ፣ እሷም ተነሥታ ትታጠባለች።