ኩፍ ያላለው ሊጥ

«ሀያ፣ ያንቺ እርሾስ?»

መምህርት ኤሌኒ የዱቄቱን ሳህን ይዘው ይጠብቃሉ። ሀያ አፏን ሳትከፍት አጠገቧ የተቀመጠችው ጓደኛዋ ከውሰር ቀደመቻት።

«ረስታዋለች ቲቸር። ሚኒባሱ ሊያመልጠን ሆኖ እየሮጥን ነው የመጣነው፣ ወላሂ!»

ውሸት ነበር። የእርሾው ብልቃጥ በፎጣ ተጠቅልሎ በሀያ ቦርሳ ውስጥ አለ። ከውሰርም ታውቃለች፤ ጠዋት ከሰፈራቸው ከባልባላ ሲመጡ ሀያ ጭኗ ላይ አቅፋው ነበር።

ጅቡቲ ባለው የኢትዮጵያውያን ትምህርት ቤት የሰባተኛ ክፍል የዛሬ ሙከራ ቀላል ነው። እያንዳንዱ ተማሪ ከቤቱ ያመጣውን እርሾ ብርጭቆ ውስጥ ከዱቄትና ለብ ካለ ውሃ ጋር ያቦካል፤ ሊጡ የደረሰበት ላይ ላስቲክ ያስራል፤ ከዚያ ኩፍ ማለት አለማለቱን ያያል። ውሃው የታሸገ ነው። ባለፈው ሳምንት ዳቦ ሲጋግሩ አዲስ አበባ የታተመው መጽሐፍ ያዘዘውን ጨው በሙሉ ጨው ጨው በሚለው የጅቡቲ ቧንቧ ውሃ ላይ ጨምረው፣ ዘይድ «ቲቸር፣ ይሄ ዳቦ ነው ባሕር?» ብሎ ክፍሉን አስቆታል።

ብልቃጡ ውስጥ ያለው እናቷ ለለሆህ፣ ለዚያ ስስ ቂጣ፣ ካቦካችው የመጨረሻ ሊጥ የተረፈ እርሾ ነው። ኡሚ፣ እናቷ፣ ከሞተች ወዲህ ሀያ ማንም እንዳይነካው ፍሪጁ በረዶ ቤት ውስጥ ደብቃው ኖራለች። መብራት በሄደ ቁጥር ይቀልጣል፤ ሲመጣ መልሶ በረዶ ይሆናል። ይኑር ይሙት አታውቅም። ካልሞከረችው ግን አልሞተም።

«የኔን እንካፈላለን» አለች ከውሰር በሹክሹክታ። «አቦ፣ ማን ያውቃል?»

ፊት ለፊት ዘይድ፣ አፍንጫው ላይ ዱቄት ተለጥፎ፣ ብርጭቆውን «ተነስ የኔ ጌታ፣ ተነስ» እያለ ይለማመጣል። ሀያ ሳታስበው ሳቀች። ከዚያ ቦርሳዋን ከፈተች።

«አልረሳሁትም ቲቸር። የእናቴ ነው።»

መምህርት ኤሌኒ ለብ ያለውን ውሃ ራሳቸው ቀዱላት።

በማግስቱ ብርጭቆዎቹ መስኮቱ ሥር ተደርድረው ጠበቋቸው። የዘይድ ሊጥ ላስቲኩን አልፏል። የከውሰር ገንፍሎ ጠረጴዛው ላይ ፈሷል። የሀያ እንደነበረ ነው፤ ላዩ ላይ ግራጫ ውሃ አቁሯል።

«እስከ ከሰዓት እንጠብቀው?» አሉ መምህርቷ።

ሀያ አሸተተችው። ኡሚ የቡሃቃውን ክዳን ስታነሳ ቤቱን የሚሞላው ኮምጣጣ ሽታ የለውም።

«አይ ቲቸር። ሞቷል።»

ከውሰር የፈሰሰውን ሊጥ በጣቷ ስትጠርግ ቆየች።

«ሀያ... ይሄ እኮ የናንተ ነው።»

«ምኑ?»

«እርሾው። አምና በረመዳን የኛ ተበላሽቶ እማ እናንተ ቤት ላከችኝ። ኡሚሽ በኩባያ ሰጠችኝ፤ ‹ኩባያዬን ግን መልሱ› ብላ። እስካሁን አልመለስነውም።»

ሀያ የከውሰርን ብርጭቆ አንስታ አፍንጫዋ ላይ ያዘችው። ቶሎ አላወረደችውም።

ከዚያ የራሷን ሊጥ ግቢው ውስጥ ካለው ቧንቧ ሥር ደፋች። ብልቃጡን አጠበች፣ በታሸገው ውሃ አለቀለቀችው፣ በፎጣዋ ወለወለችው። ተመልሳ ክፍት አፉን ለከውሰር ዘረጋችላት።

«ግማሽ ብቻ» አለቻት። «ኩፍ ሲል ቦታ ይፈልጋል።»