የካፒቴኑ ነጭ ሸሚዝ

ለማስፈራራት የተፈጠረ ወሬ መስሏችሁ እንዳታልፉት። በገዛ ዓይኔ ያየሁት ነው። ደግሞ ጨለማም አልነበረም... ጠራራ ፀሐይ፣ ከቀኑ ስድስት ሰዓት፣ ወደቡ አጠገብ ባለችው ላውንደሪዬ ውስጥ።

ካፒቴኑ ነጭ ሸሚዝ ይዞ ገባ።

"እህቴ፣ ነገ ችሎት አለብኝ። አደራ፣ ጥርት አድርጊልኝ።"

የማን እህት እንደሆንኩ ቢያውቅ ደጄን ባልረገጠ። በሬ ካራጁ ይውላል!

ታናሽ ወንድሜ እሱ መርከብ ላይ የሞተር ክፍል ሠራተኛ ነበር። ካፒቴኑ የተቃጠለ ዘይት በስውር ቱቦ ባሕር ውስጥ ያስደፋ ነበር። ዳርቻው ጠቁሮ ዓሣው ሲያልቅ መርማሪዎች መጡ። ያኔ ወንድሜን "ግባና ቱቦውን ንቀል" ብሎ የዘይቱ ታንከር ውስጥ ላከው።

ጋዙ አፍኖ ገደለው።

አሁን ተከስሶ ሲጠየቅ "እኔ አላዘዝኩም፣ ሟቹ በራሱ ያደረገው ነው" ይላል። ሙት ምን ብሎ ይከራከር? ነገ ካመኑት እሱ ነፃ ይወጣል፣ ወንድሜ በመቃብሩ ወንጀለኛ ይባላል።

ሸሚዙን አጠብኩት። ተኮስኩት።

ልሰቅለው ሳነሳው... ጀርባው ላይ ጥቁር እድፍ።

መልሼ አጠብኩት። ለቀቀ። ካውያውን አስቀምጬ ዞር ስል... ትከሻው ላይ ወጥቷል።

የሰው ቀኝ መዳፍ ነው። ሌባ ጣቱ አጭር።

ወንድሜ ያንን ጣቱን ማሽን ቆርጦበት ነበር።



"አንተ ነህ?" አልኩ በሹክሹክታ።

ከጓዳ ብቻ... ጠብ... ጠብ...

ገባሁ። ጓዳ የተሰቀለው ወንድሜ ሲሞት ለብሶት የነበረው ቱታ ነው። ዘይቱን እንደጠጣ ነው። እናቴ ብትለምነኝም፣ ፍርድ ሳይወጣ አላጥበውም ብዬ ምያለሁ።

ስመለስ ሸሚዙ ላይ ምንም የለም። ንጹሕ ነው።

ካፒቴኑ ማታ መጥቶ ወሰደው።

"እጅሽ ይባረክ!"

"አሜን" አልኩት፣ ከልቤ።

በማግስቱ ችሎት ገብቼ ፊት ለፊቱ ተቀመጥኩ።

"ያዘዘው ማን ነው?" አሉት ዳኛው።

"ሟቹ እራሱ..."

አልጨረሰውም። ትከሻው ላይ ጥቁር ነገር ብቅ አለ... ወደ አንገትጌው ወጣ... ጉሮሮውን ያዘ።

ሳለ። ጥቁር ዘይት ወለሉ ላይ አስመለሰ።

"እኔ ነኝ! እኔ ነኝ ያዘዝኩት! የመርከቡ ባለቤትም ያውቃል! እጁን አንሱልኝ!"

አጠገቡ ማንም አልነበረም።

አላሳዘነሽም ወይ ካላችሁኝ፣ አላሳዘነኝም። ቅቤ ነው የጠጣሁት።

ላውንደሪዬ ተመልሼ ቆልፌው የሄድኩትን ጓዳ ከፈትኩ።

ቱታው ታጥቧል። ውሃ ያንጠባጥባል። በጣቴ ነክቼ ቀመስኩት... ጨው ነው፣ የባሕር ውሃ።

የቀኝ እጅጌው ብቻ... ገና ጥቁር ነው። የመርከቡ ባለቤት ገና ይቀራል።