ሰባተኛው ጉድጓድ

«ጠርሙሱን ከመጽሐፎቹ ኋላ አስቀምጪና ሂጂ። ዞር ብለሽ እንዳታዪ።»

የተናገረው በስለላ መሥሪያ ቤቱ ያለው አለቃዋ ነው። የምስጢር ስሙ «አጎት»፣ የእሷ «ጠብታ»። የቤተ መጻሕፍቱን መደርደሪያ ተደግፎ ጋዜጣ የሚያነብ መስሏል።

ጠርሙሱን አስቀመጠች። ከቆዳ ፋብሪካው ጀርባ ካለው ሰባተኛ ጉድጓድ ጠዋት የቀዳችው ውሃ ነው።

«ሌላ ቀድተሻል?»

«አንድ ብቻ።»

ዋሸች።

ሁለት ዓመት ሙሉ በሐሰት ስም የአካባቢ ሳይንስ የማስተርስ ተማሪ ሆና ኖራለች። አማካሪዋ፣ አንዲት አዛውንት ፕሮፌሰር፣ ፋብሪካው የሰፈሩን ውሃ መርዟል ይላሉ። ፋብሪካው ደግሞ ሴትዮዋ ስሜን ለማጥፋት የሐሰት ውጤት ያወጣሉ ብሎ ከሷል። ጠብታ የተላከችው እውነቱን እንድታወጣ ነው። ለአጎት የሰጠችው ውሃ ሁሉ የመሥሪያ ቤቱ ምርመራ ክፍል ደርሶ ሲመለስ «ንጹህ» ነው።

ሴትዮዋ ግን ነጋ ጠባ የሚመክሯት አንድ ነገር ነበር። «ልጄ፣ በአንድ ጠርሙስ አትመኚ። ሁልጊዜ መንታውን ያዢ።»

በዚህ ጊዜ ሰማቻቸው። መንታውን ይዛ በእግሯ የከተማው ውሃ ቢሮ ቤተ ሙከራ ሄደች።

በሦስተኛው ቀን አጎት ደወለ። «ንጹህ ነው። ነገ ፈታኞች ፊት የጽሑፍሽን ዲፌንስ ስትጨርሺ ሴትዮዋን እንወስዳቸዋለን። ሳይቃጠል በቅጠል።»

እሷ የያዘችው ወረቀት ግን ሌላ ይላል፤ ቆዳ የሚለፋበት ክሮም ከተፈቀደው ሃያ እጥፍ።

«ለመሆኑ ውሃ ቢሮ ምን ትሠሪ ነበር?» አለ አጎት።

ወረቀቱን አጠፈችው።

«ለጽሑፌ ካርታ ላመጣ።»

«እንዲያ ነው?»

ስልኩ ተዘጋ።

በማግስቱ ቁርስ በልታ ስትመለስ የክፍሏ በር ተገንጥሏል። ፍራሹ ተቀዷል፣ ኮምፒውተሯ የለም። ወረቀቱ ግን ካልሲዋ ውስጥ ነበር።

የዲፌንሱ አዳራሽ ሞልቷል። አጎት ከኋላ ተቀምጧል። ሴትዮዋን ሊወስዱ የመጡ ሁለት የመሥሪያ ቤቱ ሰዎች በሩ ላይ ቆመዋል።

አንድ ሰዓት ያህል ስለ ከርሰ ምድር ውሃ ተናገረች። የውጭ ፈታኙ፣ የውሃ ቢሮው ኃላፊ፣ መነጽራቸውን አወለቁ። «እህቴ፣ ሌላ ቦታ ሥራ አትፈልጊ። ሰኞ ቢሮዬ ነይ።»

ሰው ሁሉ ሳቀ። ፕሮፌሰሯ በኩራት ቀና አሉ።

ዝም ብትል ሥራም ዲግሪም የእሷ ነው። ሴትዮዋ ግን በዚያ በር ታስረው ይወጣሉ።

ወረቀቱን ፈታኙ ፊት አኖረች።

«የእርስዎ ቢሮ ማኅተም ነው። ውሃውን የቀዳሁት እኔ ነኝ። የዚህን ውሃ መንታ ጠርሙስ የተቀበለኝና ንጹህ ነው ያለኝ ያ ከኋላ የተቀመጠው ሰው ነው። አለቃዬ ነው። እኔ ተማሪ አይደለሁም።»

አጎት ተነሳ። እጁ ወደ ኮቱ ገባ።

ከሁለቱ ሰዎች ሸምገል ያለው ክንዱን ለቀም አደረገው። «ጌታዬ፣ ይቀመጡ። ውሃውን የለወጠው ማን እንደሆነ እናጣራ።»

ተቀመጠ።

አዳራሹ ሲበተን ፕሮፌሰሯና ጠብታ ብቻ ቀሩ።

«ቤቴ ገብተሽ የወጣሽው ልትሰልዪኝ ነው?»

«አዎ።»

«ጽሑፉንስ ማን ጻፈው?»

«እኔ። እያንዳንዷን መስመር።»

ሴትዮዋ ጽሑፉን አገላበጡ።

«ጥሩ ነው፤ ካስተማርኳቸው ሁሉ የሚበልጥ» አሉና እስክሪብቷቸውን ከደኑ። «በሐሰት ስም፣ ላልተወለደ ሰው ግን ዲግሪ አልፈርምም። ሂጂ ልጄ።»

በጓሮ በር ወጣች።

ጉድጓዱ ታሸገ፤ ለሰፈሩ የቧንቧ ውሃ ገባ። ዜናው ላይ ስሟ አልነበረም።

ከዓመት በኋላ በሌላ ከተማ፣ በሌላ ስም፣ የፋብሪካ ፈቃድ በሚሰጥ ቢሮ ፋይል አመላላሽ ሆነች። አንድ ቀን ሁለት ባለሙያዎች የአንድ አዲስ ፋብሪካ ካርታ ዘርግተው ሲከራከሩ ደረሰች። የከርሰ ምድሩን ውሃ ፍሰት ገልብጠው ስለውታል። ፍሳሹ የሚወርደው እነሱ ባሉት በኩል ሳይሆን ወደ መንደሩ ነው።

ጣቷን ወደ ካርታው ዘረጋች፤ ግን እንዴት አወቅሽ ቢሏት የምታሳየው ዲግሪም ስምም የላትም።

«ምን ፈለግሽ?» አላት አንደኛው።

«ፊርማ።»

ቀና ብሎ እንኳ ሳያያት ፈረመላት። ፋይሉን ታቅፋ ወጣች፤ በሩንም ቀስ አድርጋ ዘጋችው።