ውዳሴ የደበቀችው ስልክ

ውዳሴ ዐሥር ዓመቷ ነው። ቤታቸው ቡሬ፣ ከመናኸሪያው ጀርባ ነው። አባቷ የጭነት መኪና ሹፌር ስለሆነ በወር አንድ ጊዜ ቢመጣ ነው። እናቷ ሠርክአዲስ አዋላጅ ነርስ ናት። ሰው ሁሉ «ሲስተር» ይላታል።

ሠርክአዲስ ድሮ መጽሐፍ ከእጇ አይለይም ነበር። ባለፈው ክረምት አንድ ወፍራም የተረት መጽሐፍ ገዝታ፣ ከልጇ ጋር ሦስት ምዕራፍ አነበቡ። ከዚያ ወዲህ ግን ሥራ በዛባት፤ ማታም ሆነ በዕረፍት ቀን በስልክ ይጠሯት ጀመር።

«እማ፣ ዛሬስ እናነብባለን?»

«ነገ፣ ልጄ። ዛሬ ጊዜ የለኝም።»

በማግስቱም እንደዚያው ሆነ። ልጆች፣ ውዳሴ ብቻዋን ማንበብ አያቅታትም። ግን ስትስቅ አብሯት የሚስቅ ሰው የለም። ስለዚህ መጽሐፉን ትከፍትና መልሳ ትዘጋዋለች።

አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ እናቷ ቀደም ብላ መጣች። ልትታጠብ ጓሮ ስትወጣ ስልኳን ጠረጴዛ ላይ ተወችው። «ሁልጊዜ እናቴን የሚወስድብኝ ይኼ ነው» አለች ውዳሴ በልቧ። አጠፋችውና በበቆሎ ከረጢት ውስጥ ቀበረችው።

«ዛሬስ ማንም አልጠራኝም። ነይ እናንብብ!» አለች እናቷ።

ሠርክአዲስ እያነበበች ሳቀች። ውዳሴ ግን አንድም ቃል አልገባትም። ዐይኗ ከረጢቱ ላይ ነበር። እናቷ አጠገቧ ተቀምጣ ሳለ፣ ከመቼውም ይልቅ ብቻዋን የሆነች መሰላት።

በሩ በኃይል ተንኳኳ። ይታገሱ የሚባል ባጃጅ ነጂ ነበር።

«ሲስተር፣ ስልክዎ ዝግ ነው እኮ! ባለቤቴን ንግሥቴን ምጥ ይዟት ጤና ጣቢያ ናት። ያለችው አንዲት ነርስ ብቻ ናት። ብንደውል ብንደውል እንቢ ሲለን፣ ቤትዎን እየጠየቅሁ መጣሁ።»

ሠርክአዲስ ስልኳን ፈልጋ ስታጣ ነጠላዋን አንሥታ ሮጠች። ውዳሴ ከረጢቱን እያየች ቀረች። ልጆች፣ ያን ጊዜ እንኳ መናገር ነበረባት።

እናቷ የተመለሰችው ሲመሽ ነው።

«ሕፃኑ ደኅና ነው» አለች በደከመ ድምፅ። «ንግሥቴ ግን ብዙ ደም ፈሰሳት። በአምቡላንስ ወደ ፍኖተ ሰላም ሆስፒታል ወሰዷት።»

ውዳሴ እንባዋ መጣ። «እማ፣ ስልኩን የደበቅሁት እኔ ነኝ።»

ሠርክአዲስ ወደ ልጇ ዞራ፣ «ለምን?» አለች።

«ብቻዬን ነኛ! ሁልጊዜ ብቻዬን።»

እናቷ ቁጭ አለች። «ጥፋትሽ ከባድ ነው፤ ሰው ሊሞት ይችል ነበር። እኔም ግን የማልፈጽመውን ቃል እየሰጠሁ አታልዬሻለሁ።»

ከአራት ቀን በኋላ በሚኒባስ ፍኖተ ሰላም ሄዱ። ንግሥቴ ተሽሏት ልጇን ታጠባለች። ውዳሴ አልጋው ሥር ተንበርክካ ሁሉንም ነገረቻት። ንግሥቴ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

«እኔም ያን ሰዓት ብቻዬን የቀረሁ መስሎኝ ነበር» አለች ቀስ ብላ። «በጣም ፈርቼ ነበር።»

ከዚያ እጇን ዘረጋችላት። «እግዚአብሔር ይቅር ይበልሽ። ተነሽ፣ ልጄ።»

አሁን እናትና ልጅ ጠዋት ጠዋት፣ ከሥራና ከትምህርት በፊት፣ ሁለት ሁለት ገጽ ያነብባሉ። አንዳንድ ጠዋት ሠርክአዲስን ለሥራ ይጠሯታል። ያን ጊዜ ውዳሴ «ሂጂ፣ እማ» ብላ ትሸኛታለች። ይከፋታል፤ ቢሆንም እናቷ መጥታ እንደምታነብብላት ታውቃለች።

ልጆች፣ ሲከፋችሁ ለወላጆቻችሁ በግልጽ ንገሯቸው እንጂ፣ የምትፈልጉትን በተንኮል አትውሰዱ።