የ214 እጮኛ

ይህን የማወራው ጽድቅ ፈልጌ አይደለም፤ ሆዴ ስላልቻለው ነው።

በ1979 ዓ.ም. ጂንካ፣ ቀበሌ ጽሕፈት ቤት፣ ከሻንቆ ጋር በአንድ ጠረጴዛ እንሠራ ነበር። ለስኳር ኩፖን የሰው ቤተሰብ ሲጣራ ያንን ወፍራም መዝገብ ከዳር እስከ ዳር ማገላበጥ ነው። ሻንቆ ሰለቸውና ለእያንዳንዱ ሰው ቁጥር ያለው ካርድ አወጣ። በካርዱ ጀርባ የዘመዶቹን ቁጥርና ዝምድናቸውን፣ ሌላ አገር ላሉት ደግሞ ስማቸውንና ቦታቸውን ጻፈበት።

«አየሽ ዘሪቱ፣ ከአንዱ ካርድ ተነሺ፤ ቁጥሩ ራሱ ወደ ዘመዱ ይወስድሻል። መዝገብ ማገላበጥ ቀረ!»

«አንተ እኮ ጉድ ነህ!» አልኩት። ያን ቀን ወደድኩት።

እሱም ወደደኝ። ካርድ ሲያቀብለኝ ጣቱ ጣቴ ላይ ይቆያል፤ እኔም አልቸኩልም። ኩፖን ሊወስዱ የሚመጡት ሴቶች ሲስቁለት ግን እቃጠል ነበር። ሽማግሌ ተልኮ ወላጆቻችን እሺ ሲሉ አላስችል አለኝና የእሱን ካርድ፣ 214ን፣ መዝዤ ከጀርባው «እጮኛ፦ 96» ብዬ ጻፍኩ። 96 እኔ ነኝ።

«ኧረ ተይ! ሳንጋባ?»

«ምን አባቱ! ይዩት!»

ሳቀ። አልሰረዘውም።

በዓመቱ የብሔራዊ ውትድርና ስም ዝርዝር ሲወጣ ሻንቆ አለበት። ከጂንካ ወጣ ብላ ወዳለችው ካኮ ወስጄ የእናቴ ወንድም፣ አጎቴ ኤርጎ ቤት ደበቅኩት። «ልጄ ነው» ብለው ተቀበሉት።

በሦስተኛው ሳምንት የቀበሌው ሊቀመንበር «የ214ን ካርድ አምጪ» አሉኝ። ካርዱ የሚመራቸው ወደ እናቱ ቤት ነው፤ ቢፈትሹ ምን ያገኛሉ ብዬ ሰጠኋቸው። የጻፍኩትን ረስቼው! እንዲህ ያለ ነገር ይረሳል?

ገለበጡት። «96ን ደግሞ» አሉ። የራሴን ካርድ አቀበልኳቸው። «አጎት፦ ኤርጎ፣ ካኮ» ይላል። ሁለቱንም ካርድ ይዘው ወጡ።

በማግስቱ ሻንቆን በጭነት መኪና ቀበሌው በር አመጡት። እናቱ እትዬ ጥሩዬ እያለቀሱ፣ እኔም ተከትዬ ደረስን።

«ኤርጎ ነው የሸጠኝ» አለ ከመኪናው ላይ ሆኖ። «ከእኛ ሌላ ማን ያውቃል? አንቺማ አትሸጪኝም።»

እውነቱን ብነግረው ጠልቶኝ ሊሄድ ነው። እንዲጠላኝ አልፈለግኩም።

«ጠብቂኝ» አለኝ።

«እጠብቅሃለሁ» አልኩት።

በ1982 መርዶው መጣ። አጎቴ ኤርጎ ከካኮ ለለቅሶ ሲመጡ እትዬ ጥሩዬ ከተቀመጡበት ተነሡ።

«ልጄን ሸጠህ ልታለቅስልኝ መጣህ? ውጣልኝ!»

አጎቴ ወደ እኔ ዞሩ።

«ዘሪቱ፣ እኔ እንዳላደረግኩት ታውቂያለሽ። ንገሪያቸው እንጂ፣ ልጄ።»

አቀረቀርኩ። አጎቴ ወጥተው ሄዱ።

እትዬ ጥሩዬ እጄን ይዘው ከጎናቸው አስቀመጡኝ። «ለልጄ ታማኝ የነበረችው እሷ ብቻ ናት» አሉ።

ተቀመጥኩ።