የተሞላው ስንጥቅ

አላምረው ሸክላ ሊጠብቅ ባደረበት ማድረቂያ ጎጆ ውስጥ፣ በቀኝ ጎኑ እንደተኛ ሞቶ ተገኘ። በጋቢው እስከ አንገቱ ተሸፍኗል። የመታገል ምልክት አልነበረበትም፤ ከንፈሩ ግን የሞተ ሰው ከንፈር አይመስልም። ቀልቶ ነበር።

መርማሪው መቶ አለቃ ዋኘው ከጎንደር ተነስቶ ፀዳ መንደር ሲደርስ ሕዝቡ ፍርዱን ጨርሷል። የሟቹ ሚስት ታየች ሸክላ ሠሪ ናት፤ የመጨረሻ ራቱን ያቀረበችለትም እሷ ናት። ከዚህ በላይ ማስረጃ የፈለገ ሰው አልነበረም። ገሚሱ መርዝ አለ፤ ገሚሱ «በልታው ነው» ብሎ ፊቱን አዞረባት። የሟቹ ታላቅ ወንድም ቢያዝን አሁኑኑ ታስራ እንድትወሰድ ጠየቀ።

«ሠልስቱ እስኪወጣ የትም አትሄድም» አለ ዋኘው። «እስከዚያ ሌላ ሰው ካላገኘሁ ግን ራሴ እወስዳታለሁ።»

ጎጆው ጠባብ ነው፤ መስኮት የለውም። ከጣሪያው ሥር ብቻ ጡጫ የምታሳልፍ የአየር ቀዳዳ አለች። ዋኘው በውጭ ዞሮ አያት፤ በጠርዟ ላይ የገለባ ስብርባሪ ተሰክቶ ቀርቷል። ውስጥ፣ ከበሩ ፊት ለፊት ባለው መደርደሪያ ላይ፣ ገና እሳት ያልገባቸው ባለ እጀታ ኩባያዎች በእርጥብ ጆንያ ተሸፍነው ተደርድረዋል። ጆንያውን ገለጠና አንዱን እጀታ በጣቱ ጫፍ ነካው። ከመጋጠሚያው ላይ ለስላሳ ጭቃ ጣቱን ለወሰው። የኩባያው ሆድ ግን ደረቅ ነበር። ሌሎቹንም ነካካ። ከዚያ ጆንያውን አንስቶ ኩባያዎቹን ሳይሸፍን ተዋቸው፤ በሩን ቆልፎም ቁልፉን ኪሱ ከተተ።

በመጀመሪያ ያነጋገረው ኩባያዎቹን ያዘዘውን ሐቢብን ነው። ሐቢብ ጎንደር አዲስ ዓለም ሰፈር ሻይ ቤት አለው። ጣሊያን ከወጣ ወዲህ ስኒ እንደልብ ስለማይገኝ ወደ ሸክላ ዞሯል። ባለፈው የወሰዳቸው ኩባያዎች እጀታቸው እየተነቀለ አሳፍረውት፣ አላምረውን በገበያ መሐል ሰድቦት ነበር። አልካደም።

«ደንበኞቼ ምን እንደሚሉኝ ታውቃለህ፣ መቶ አለቃ? ‹ሐቢብ ሻዩን ጭናችን ላይ ይቀዳል› ይላሉ። ተናድጄ ነበር። ግን በእጀታ ሰው ይገደላል?»

ያን ሌሊት ማክሰኝት ማደሩን የተሳፈረበት የጭነት ማኪና ሾፌርና አብረውት ያደሩት ነጋዴዎች መሰከሩለት። ፀዳ የደረሰው አስከሬኑ ከተገኘ በኋላ ነው።

ቢያዝን በበኩሉ፣ ሲነጋ ወንድሙን ለእርሻ ሊቀሰቅስ መጥቶ በሩን እንደከፈተ ተናገረ። ጠርቶ ዝም ሲለው ደንግጦ ጎረቤት ጠራ።

«ከደፉ አላለፍኩም» አለ። «ያቺ ሴትዮ ከምታቦካው ጋር ምን አለኝ? እኔ አራሽ ነኝ። የሸክላ ጭቃ ነክቼ አላውቅም።»

ጎረቤቶች ግን ሌላ ነገር ነገሩት። ቢያዝን የአባታቸውን መሬት ብቻውን ሲያርስ ኖሯል። አላምረው ደግሞ ክረምቱ ሳይገባ ድርሻውን እንዲያካፍሉት ሽማግሌ ልኮበት ነበር።

ታየች ከቤቷ ማዕዘን ተቀምጣለች። ዋኘው ስለ ራቱ አልጠየቃትም። የጠየቃት እጀታ ለምን እንደሚሰነጠቅ ነው። ተገርማ ቀና አለች።

«ቀጭን ነው፣ አያ። ከሆዱ ቀድሞ ይደርቃል። ሲደርቅ ይኮማተራል፤ ሆዱ ገና እርጥብ ስለሆነ አይከተለውም። መጋጠሚያው ላይ ይለያያሉ። የባለፈውን ፀሐይ አግኝቶብኝ ነው። አሁን ሁለቱንም በእኩል እርጥበት ጫር ጫር አድርጌ፣ በቀጭን ጭቃ አጣብቄ፣ እርጥብ ጆንያ አልብሼ አቆያለሁ። ነፋስ አላስገባም። እሳትማ በዚያ ደጅ እንዳያልፍ ለቤተሰቡ ሁሉ ነግሬያለሁ።»

በሠልስቱ ሰው ተሰበሰበ። ከታየች አጠገብ የተቀመጠ አልነበረም። ዋኘው ጎጆውን ከፍቶ ኩባያዎቹን በጣውላ ላይ አወጣና ከሰዉ መሐል አስቀመጠ። በእያንዳንዱ እጀታ ሥር የተለጠፈው ጭቃ ደርቆ፣ ዙሪያውን ለቆ ተነስቷል። ከሥሩ ስንጥቁ ታየ።

«ደባርቅ በብርድ ጊዜ ከሰል ይዘው፣ ድንኳን ዘግተው የተኙ ወታደሮች ሞተው አይቻለሁ» አለ። «ከንፈራቸው እንደ አላምረው ከንፈር ቀልቶ ነበር። እዚህ ግን ከሰልም ማንደጃም አላገኘሁም። እሳት እንደነበረ የነገሩኝ እነዚህ ናቸው። በአንድ ሌሊት ደርቀው ሁሉም ተሰነጠቁ። ቀዳዳዋ በውጭ በገለባ ተደፍና ነበር። ጠዋት ማንደጃውን ያወጣው ሰው፣ ገለባውንም ነቀለው፤ ስንጥቁን ሲያይ ግን ታየች እሳቱን እንደምታውቅበት ገባው። ስለዚህ ሞላው፤ ጆንያውንም መልሶ አራሰው። እኔ ስነካው ገና ለስላሳ ነበር።»

«እሷ ሞልታው ቢሆንስ?» አሉ አንድ ሽማግሌ።

«እሷ ብትሆን ውሃ ውስጥ ትጨምራቸው ነበር፤ ሟሙተው ጭቃ ይሆናሉ፣ ምልክት አይቀርም። በደረቀ ሸክላ ላይ የተለጠፈ እርጥብ ጭቃ ደርቆ እንደሚነሳ የማያውቅ፣ ሸክላ ነክቶ የማያውቅ ሰው ነው። ሐቢብ ማክሰኝት ነበር። በሩን ቀድሞ የከፈተው አንድ ሰው ነው፤ እሱም ከደፉ አላለፍኩም ብሎኛል። መደርደሪያው ከደፉ ሩቅ ነው። አላምረው ሞቶ ሚስቱ ብትታሰር ድርሻውን የሚጠይቅ አይኖርም ብለህ ነው፣ ቢያዝን?»

ቢያዝን ዓይኑን ከኩባያዎቹ አነሳ።

«በግድ አላስገባሁበትም» አለ። «እሳቱን ሳመጣለት መርቆኛል።»

ፖሊሶቹ ይዘውት ሲወርዱ ሰዉ ተበተነ። ሐቢብ ብቻ ቀርቶ፣ የኩባያው ነገር እንዳያሳስባት ነገራት። ታየች የሰማችው አልመሰለም። ዋኘው ነፃ መሆኗን ሊነግራት ቀረበ።

«ያን ዕለት ራቱን በልቶ ሲነሳ» አለችው፣ «ብርዱ ጠንቷል፣ ትንሽ ፍም ልያዝ ብሎኝ ነበር፣ አያ። እጀታው ይሰነጠቃል ብዬ ከለከልኩት። ብሰጠው ኖሮ በሩን ገርበብ አድርጌለት እመለስ ነበር።»

ዋኘው ባርኔጣውን በእጁ እንደያዘ ቆመ። ከዚያ ከአጠገቧ ተቀመጠ።